ለበጎ አድራጎት በነፃ ተጫወቱልን ሲባል፦ ለአሻንጉሊት ትርኢት ባለሙያዎች አወሳሰኑ ደረጃ በደረጃ

በአሻንጉሊት ትርኢት ኑሮውን የሚመራ ሰው ሁሉ ይቺን ስልክ ያውቃታል። "ለበጎ አድራጎት ነው፣ በጀት የለንም፣ ግን ልጆቹ በጣም ነው ደስ የሚላቸው፣ ደግሞ ብዙ ሰው ያያችኋል።" ለዘፋኙም ለሰዓሊውም ይደወላል፣ እኛ ጋ ግን በርከት ይላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አሻንጉሊት ሲያይ ጨዋታ እንጂ ስራ አይታየውም፣ በዛ ላይ ተመልካቾቻችን አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ስለሆኑ "ለህፃናት ብላችሁ ገንዘብ ትጠይቃላችሁ እንዴ" የሚለው ነገር ሳይነገርም ይሰማል። እና በይሉኝታ እሺ እንላለን፣ ቀኑ ሲደርስ እየተነጫነጭን ዕቃ እንጭናለን፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ይመረንና ሁሉንም እንቢ ማለት እንጀምራለን፣ ከዛ ልባችን የሚፈልገው ትርኢት ሳይቀር ያመልጠናል።

እኔ ነፃ ትርኢትን እንደ ስጦታ ነው የማየው፣ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ምን ያህል እየሰጠ እንደሆነ አውቆ ወዶ ሲሰጥ ነው ደስ የሚለው፣ ተቀባዩም እንደዛው። ከዚ በታች ያለው ያንን ማወቂያ መንገድ ነው። በቅደም ተከተል ብትሄዱበት ይሻላል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን በፍፁም አትዝለሉ።

1. ስልኩ ሳይደወል በፊት ወስኑ

ማንም ባልጠየቃችሁ ሰዓት ነው መወሰን ያለባችሁ። ስልክ ላይ ሆናችሁ የታመመ ልጅ ታሪክ እየሰማችሁ ሂሳብ መስራት አይቻልም፣ አንጀት ይበላል፣ ሊበላም ይገባል። ስለዚ አመቱ ሲጀምር ቁጭ በሉና ያለፈውን አመት ካሌንደር አውጡ፣ ስንት የተከፈለበት ትርኢት ሰራችሁ፣ የቱ ወር ጭር ይላል፣ በየቱ ወር ትንፋሽ አይገኝም፣ ከዛ "ዘንድሮ ይሄን ያህል በነፃ እንሰጣለን" ብላችሁ ቁጥር ፃፉ። ስንት ይሁን ካላችሁኝ ለ20 የተከፈለ ትርኢት 1 ነፃ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል፣ ኑሮ ጠበብ ካለ ይቀነስ፣ ካሌንደሩ ሞልቶ ከፈሰሰ ይጨመር። ዋናው ቁጥሩ ተፅፎ መቀመጡ ነው፣ ምክንያቱም "የዘንድሮው ሞልቷል" ማለት የምትችሉት የሚሞላ ነገር ሲኖራችሁ ነው።

ቁጥሩን ከፃፋችሁ በኋላ ለምን አይነት ስራ እንደሆነም ፃፉ። አንዱ የታመሙ ልጆች ጉዳይ ይነካዋል፣ አንዱ ስደተኞች፣ አንዱ አካል ጉዳተኞች፣ አንዱ እንስሳት። ሁሉንም ለመንካት የሚሞክር ሰው የትም ስር አይሰድም፣ አንድ ወይ ሁለት ድርጅት ጋር በየአመቱ የሚመላለስ ሰው ግን ልጆቹን በስም ያውቃቸዋል፣ አሻንጉሊቱንም ልጆቹ በስም ያውቁታል፣ እመኑኝ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከቁጥሩ ላይ አንዷን ብቻ ባዶ አስቀምጡ፣ ድንገት ለሚመጣ፣ ጎርፍ፣ እሳት፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው።

ደግሞ የቡድን ስራ ከሆነ ይሄ ውይይት የሁሉም ነው። የቡድኑ መሪ ሰብሰብ አድርጎ መጠየቅ አለበት እንጂ የሰውን ቅዳሜ ዝም ብሎ መስጠት አይችልም። ረዳት፣ ሙዚቀኛ፣ መብራት የሚይዝ ልጅ፣ እነዚ ሰዎች ደሞዛቸው የትርኢቱ ቀን የሚከፈላቸው ከሆነ እናንተ በነፃ ስትጫወቱ እነሱም በነፃ የሚሉት ነገር የለም፣ ራሳቸው ፈቅደው ካልሰጡ በቀር ከናንተ ኪስ ይከፈላቸዋል። እኔ በዚ ነገር ላይ ድርድር አላውቅም።

2. የምትሰጡትን በሰዓትና በገንዘብ አስሉት

ደዋዩ የሚያየው 45 ደቂቃ ትርኢት ነው። እስቲ አብረን እንቁጠረው፦ ስልክና ፅሁፍ መመላለሱ 1 ሰዓት፣ አሻንጉሊቶቹን ፈትሾ መጫን 45 ደቂቃ፣ መንገድ 1 ሰዓት፣ መድረኩንና መጋረጃውን መትከል ድምፅ መሞከር 1 ሰዓት ከሩብ፣ መጠበቅ (ሁሌም መጠበቅ አለ፣ በተለይ ንግግር ያለበት ዝግጅት ላይ) 30 ደቂቃ፣ ትርኢቱ 45 ደቂቃ፣ ከልጆች ጋር ሰላምታና ፎቶ 15 ደቂቃ፣ መፍታት 45 ደቂቃ፣ መመለስ 1 ሰዓት፣ ማራገፍና ዕቃ ቦታው መመለስ 30 ደቂቃ። ድምሩ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል። ሙሉ የስራ ቀን ማለት ነው፣ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሁለት የስራ ቀን። ልምምዱን፣ አሻንጉሊቱን የሰራችሁበትን ሳምንታት፣ ድርሰቱን ገና አልነካንም።

ከዛ የዕቃው ድካም አለ። የአሻንጉሊቶቻችን ጭንቅላት ብዙውን ጊዜ ስፖንጅ ነው፣ ስፖንጅ ደግሞ ብርሃንና አየር እያገኘው በጊዜ ብዛት ይደርቅና ይፈረካከሳል፣ ጨርቁ ይላላል፣ አፉ የሚከፈትበት ማጠፊያ ይለቃል፣ ባለ ክር አሻንጉሊት ከሆነ ክሩ ይበላል፣ አንዴ ከተወሳሰበ ደግሞ ፈትቶ ማስተካከል ራሱን የቻለ ስራ ነው። እያንዳንዱ ትርኢት ከአሻንጉሊቱ ዕድሜ ላይ ትንሽ ይወስዳል። ከሰውነታችንም ይወስዳል፣ እጅን ከራስ በላይ ዘርግቶ አርባ ምናምን ደቂቃ መቆም ለትከሻ ምን እንደሆነ የሰራው ያውቀዋል፣ በዛ ላይ አምስት አይነት ድምፅ ማውጣት አለ።

ሶስተኛው የቀኑ ዋጋ ነው። ጭር ባለ ወር ማክሰኞ ጠዋት የሚሰጥ ትርኢትና በበዓል ሰሞን ቅዳሜ የሚሰጥ ትርኢት ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዋጋቸው አይገናኝም፣ የሁለተኛው የሚያሳጣችሁ የተከፈለ ስራ አለ። ስለዚ ነፃ ትርኢቶቻችሁን በተቻለ መጠን በስራ ቀንና ጭር ባሉ ወራት አድርጓቸው፣ አብዛኛው መጠለያና ሆስፒታል እንደውም በዛ ሰዓት ነው ጎብኚ የሚያጣው፣ በበዓል ሰሞን ሁሉም ሰው ይሄዳል ከዛ በኋላ ማንም ዝር አይልም።

ይሄን ሁሉ ደምሩና አንድ አሃዝ አውጡ። "የኛ አንድ ነፃ ትርኢት ይሄን ያህል ገንዘብ ነው።" ከዛ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ይሄ ድርጅት በሩን አንኳኩቶ ይሄንኑ ገንዘብ በጥሬው ስጡኝ ቢለኝ እሰጠው ነበር? አዎ ካላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። አይ ከሆነ መልሱን አገኛችሁት ማለት ነው።

አሃዙ ሌላም ጥቅም አለው፣ ጠያቂው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው የሚጠይቀው። ቡንራኩ በሚባለው የጃፓን ባህላዊ የአሻንጉሊት ትያትር ላይ አንድን ዋና አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅሱት ሶስት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን፣ አንዱ ግራ እጁን፣ አንዱ እግሮቹን፣ ይሄን ስነግራቸው አፋቸውን ይዘው የሚቀሩ አዘጋጆች አሉ፣ "አንድ አሻንጉሊት አንድ ሰው" ብለው ነው የሚያስቡት። የኛ ስራ እንደዛ ባይሆንም ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳለ በትህትና መንገር የስራው አካል ነው።

3. ማን እየጠየቀ እንደሆነ ለዩ

"በጎ አድራጎት" የምትል ቃል ስር በጣም የተለያዩ ጥያቄዎች ይመጣሉ፣ እኔ በሶስት እከፍላቸዋለሁ።

አንደኛው ትርኢቱ ቀጥታ ለተቸገረው ሰው የሚደርስበት ነው፦ የህፃናት ሆስፒታል፣ የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ትኬት የመግዛት አቅም የሌለው ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት። ለኔ ነፃ ትርኢት በመጀመሪያ ለነዚ ነው። ለትልቅ ሰው አንድ ቃል አልመልስ ያለ ልጅ ለአሻንጉሊት ሲያወራ አይተን እናውቃለን፣ ልጆችን ለቀዶ ጥገና ለማዘጋጀት አሻንጉሊት የሚጠቀሙ ሆስፒታሎች ያሉትም ለዚ ነው፣ ይሄን ችሎታ የያዝነው እኛ ነን እና መስጠት ስንችል ብንሰጥ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ገቢ ማሰባሰቢያ ነው፣ እራት፣ ባዛር፣ ትኬት የተሸጠበት ዝግጅት። እዚ ጋ ጠንቀቅ። ትርኢቱን የሚያየው ተቸጋሪው አይደለም፣ ከፍሎ የመጣ ሰው ነው። ስለዚ የመጀመሪያው ጥያቄ "ሌላ የሚከፈለው ሰው አለ ወይ" የሚል ነው። አዳራሹ ይከፈለዋል፣ ምግብ አቅራቢው ይከፈለዋል፣ ሳውንድ ሲስተም ያከራየው ይከፈለዋል፣ ፖስተር ያተመው ይከፈለዋል፣ አሻንጉሊት አጫዋቹ ብቻ በነፃ ከሆነ እዛ ዝግጅት ላይ ለጋስ ተብሎ የተመረጠ ሰው አለ፣ እሱም ሳትጠየቁ እናንተ ናችሁ። ሁሉም በነፃ ከሰጠ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱን በደስታ አስቡበት።

ሶስተኛው የበጎ አድራጎት ልብስ የለበሰ ንግድ ነው። ድርጅቱ ስሙን ለማስተዋወቅ የሚያዘጋጀው የቤተሰብ ቀን፣ የገበያ ማዕከል ምረቃ፣ ከገቢው ትንሽ ለልጆች ይሰጣል የተባለበት ኮንሰርት። ለነዚ ሙሉ ዋጋችሁን በግልፅ ንገሩ። "ብዙ ሰው ያያችኋል" የሚለውም እዚ ነው የሚበዛው፣ ያየን ሰው በነፃ ስንጫወት አይቶን ቀጥሎ ሲደውል በነፃ ነው የሚጠብቀን።

ለመለየት የምትጠይቁት ጥያቄ ደግሞ እነሆ፣ ስልክ ላይ ሳይሆን በፅሁፍ ጠይቁ፦ ድርጅቱ ህጋዊ ምዝገባ አለው ወይ፣ ገንዘቡ የት ይሄዳል፣ ለዝግጅቱ ጠቅላላ በጀት ስንት ነው፣ ለማን ለማን ይከፈላል፣ ትኬት ይሸጣል ወይ፣ ስፖንሰር አለ ወይ፣ ስንት ሰው ይመጣል፣ ዕድሜያቸው፣ ቦታው የት ነው። ቅን ድርጅት በአንድ ቀን ይመልሳል። "ለበጎ ስራ ይሄን ያህል ጥያቄ ምንድነው" ብሎ የተቆጣ ሰው ጋር ቀኑ ሲደርስም አትስማሙም።

4. አሻንጉሊት ለዛ ቦታ ይሆናል ወይ?

ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፣ ለኔ ግን ከገንዘቡ እኩል ነው። የማይሆን ቦታ ላይ የተሰጠ ነፃ ትርኢት ለማንም ስጦታ አይሆንም፣ ልጆቹ አያዩም፣ እናንተ ትደክማላችሁ፣ አዘጋጁ ያፍራል።

የእጅ አሻንጉሊት ጭንቅላት ከጡጫ ብዙም አይበልጥም፣ አዳራሹ ትልቅ ከሆነ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ ነው። ሜዳ ላይ ከሆነ ንፋስ ባለ ክር አሻንጉሊትን ያወሳስበዋል። የጥላ ትርኢት ጨለማ ይፈልጋል፣ በቀን ብርሃን ድንኳን ውስጥ አይሰራም። ሰው የሚበላበት የእራት ፕሮግራም ላይ ደግሞ ማንም ዞሮ አያይም፣ እዛ መድረክ ከመትከል አንድ ትልቅ አሻንጉሊት ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሀል መዞር ይሻላል፣ እሱም ለናንተ ቀለል ያለ ነው።

ሆስፒታል ለብቻው ይነሳ። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ልጆች ባሉበት ክፍል ፀጉራም ጨርቅና ስፖንጅ ችግር ነው፣ ከአልጋ ወደ አልጋ ልጆች የሚነካኩት አሻንጉሊት ጀርም ይዞ ይዞራል፣ ስፖንጅን ደግሞ በደንብ ማፅዳት ከባድ ነው። ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት የነርሶቹን ኃላፊ አናግሩ፣ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል። መፍትሄ አለው፦ ፊቱ የሚወለወል አሻንጉሊት መጠቀም፣ ከርቀት መጫወት፣ ወይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀትና ቀለም ሰጥቶ የራሱን አሻንጉሊት እንዲሰራ ማድረግ፣ የሰራውን እሱ ጋ ያስቀረዋል። የመጨረሻውን በጣም ነው የምወደው፣ እኛ ከሄድን በኋላ ጨዋታው ይቀጥላል። ትርኢቱም እዛ አጭር ይሁን፣ ህመም ላይ ያለ ልጅ 45 ደቂቃ አይቀመጥም፣ የሚያስደነግጥ ድምፅና ተኩላ ምናምን ይቀነስ።

ከልጆች ጋር ለመስራት ደግሞ በብዙ አገር የወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠየቃል፣ በነፃ ስለመጣችሁ አይቀርም፣ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ አውጡት።

5. በነፃና በሙሉ ዋጋ መሀል ያለውን አስቡ

ብዙ ሰው ሁለት መልስ ብቻ ያለ ይመስለዋል። መሀል ላይ ግን ብዙ አለ፣ እኔ እንደውም አብዛኛው ጥያቄ እዚ መሀል ላይ ነው መጨረስ ያለበት ባይ ነኝ።

ወጪ ብቻ መቀበል፦ ነዳጅ፣ የረዳት ክፍያ፣ የዕቃ ማደሻ። እናንተ አትከፈሉም ግን ከኪሳችሁ አይወጣም። ይሄንን ለትናንሽ ድርጅቶች አቅርቡ፣ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ይችላሉ።

ስፖንሰር መፈለግ፦ ይሄ የኔ ምርጫ ነው። ድርጅቱ በጀት የለውም ማለት ማንም በጀት የለውም ማለት አይደለም። አንድ ገፅ ፃፉላቸው፣ ትርኢቱ ምንድነው፣ ስንት ልጅ ያያል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ስፖንሰሩ በምን ይመሰገናል፣ ከዛ ድርጅቱ ራሱ ወደ ሚያውቀው ነጋዴ ይዞት ይሄዳል። ነጋዴ "ለድርጅታችን ገንዘብ ስጡን" ሲባል ያመነታል፣ "ለነዚ 60 ልጆች የአሻንጉሊት ትርኢት ይክፈሉላቸው" ሲባል ግን ምን እንደገዛ ያየዋል። እናንተም ትከፈላላችሁ፣ ልጆቹም ያያሉ፣ ድርጅቱም አዲስ ወዳጅ ያገኛል።

ተከፍሎ መመለስ፦ ሙሉ ዋጋ ይከፈላችሁና የፈለጋችሁትን ያህል ለድርጅቱ በእርዳታ መልክ ትመልሳላችሁ። ለገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ጥሩ ነው፣ የሂሳብ መዝገባቸው ላይ የትርኢት ወጪ ተብሎ ይያዛል፣ በሚቀጥለው አመት የሚጋበዘው ባለሙያም በጀት ይጠብቀዋል። ግብር ላይ ግን ሂሳብ ሰራተኛ ጠይቁ፣ አገር ከአገር ይለያያል። ብዙ ሰው "በነፃ ከተጫወትኩ ዋጋውን ከግብር አስቀንሳለሁ" ብሎ ያስባል፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ህግ የጊዜና የሙያ ዋጋ አይቀነስም፣ የሚቀነሰው ለአገልግሎቱ ከኪስ የወጣ ወጪ ነው፣ እሱም ድርጅቱ ህጉ የሚቀበለው አይነት ከሆነ።

በመንገድ ላይ መስጠት፦ አንድ ከተማ የተከፈለበት ስራ ካላችሁ መንገዱ ተሸፍኗል ማለት ነው፣ በማግስቱ ጠዋት እዛው ያለ መጠለያ ውስጥ መጫወት በጣም ርካሽ ስጦታ ይሆናል።

አዲስ ትርኢት መሞከር፦ አዲስ ስራ ልጆች ፊት ሳይሞከር አይታወቅም፣ የት ይስቃሉ፣ የት ይሰለቻሉ። "ገና የምንሞክረው ነው፣ በነፃ እንምጣ፣ አስተያየታችሁን ንገሩን" ብሎ በግልፅ መነጋገር ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። በግልፅ ነው ያልኩት፣ ሳይነግሩ ያልበሰለ ስራ ይዞ መሄድ ነፃ ስለሆነ ይቻሉት እንደማለት ነው።

ቅናሽ ስትሰጡ ደግሞ የሙያ አጋሮቻችሁን አስቡ። ከፍለው የሚያሳዩ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መፅሐፍት አካባቢ በነፃ ከዞራችሁ በዛ ገንዘብ ቤቱን የሚያስተዳድረውን ሌላ ባለሙያ ስራ እየወሰዳችሁ ነው። ሌላ ገቢ ያለው፣ ለደስታ የሚጫወት ሰው ይሄን በተለይ ያስብበት፣ ነገ እሱም ስራውን ጥሎ ወደዚ ሙሉ ለሙሉ ሊገባ ይችላል፣ ነግ በኔ ነው።

6. በነፃም ቢሆን ወረቀት ይፈረም

እሺ ካላችሁ በኋላ ኢንቮይስ አዘጋጁ። አዎ ለነፃ ትርኢት። ላይኛው መስመር ላይ ሙሉ ዋጋችሁ፣ ከስሩ "የበጎ አድራጎት ቅናሽ 100 ፐርሰንት"፣ መጨረሻ ላይ የሚከፈል 0። ይሄ ወረቀት የሚሰራውን ስራ ሳየው ይገርመኛል፦ የድርጅቱ ኃላፊዎች ምን እንደተቀበሉ በአሃዝ ያያሉ፣ ለለጋሾቻቸው ሪፖርት ያደርጉታል፣ አዘጋጁ ቢቀየር እንኳን አዲሱ ሰው ፋይሉን ሲከፍት ዋጋውን ያገኛል፣ "አምና በነፃ ነበር የመጡት" ብቻ አይሆንም።

ከኢንቮይሱ ጋር አጭር ስምምነት፣ አንድ ገፅ ይበቃል። ቀንና ሰዓት፣ ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ፣ የመድረኩ ስፋትና የጣሪያው ከፍታ፣ ኤሌክትሪክ፣ መኪና የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚያግዙ ሁለት ሰዎች፣ ልጆቹ ጋር የሚቀመጥ የድርጅቱ ሰው (ልጆቹን የምትጠብቁት እናንተ አይደላችሁም፣ እጃችሁ አሻንጉሊት ውስጥ ነው)። ቪዲዮም ይፃፍ፣ ትንሽ ቁራጭ ይቀረፅ፣ ሙሉ ትርኢቱ ኦንላይን አይለቀቅ። የልጆች ፊት ፎቶ ላይ እንዲወጣ ማን ፈቀደ የሚለውም የድርጅቱ ኃላፊነት መሆኑ ይፃፍ። የሌላ ሰው ሙዚቃ የምትጠቀሙ ከሆነ በብዙ አገር ትርኢቱ ነፃ ቢሆንም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማን እንደሚያወጣው ተነጋገሩ። ኢንሹራንስ ካላችሁ ነፃ ትርኢትንም ይሸፍን እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ።

መሰረዝ ላይ ሁለቱም ወገን ይፈርም። እነሱ ከሰረዙ ቀድመው ያሳውቃሉ፣ እናንተ ደግሞ የተከፈለ ስራ ስለመጣ ብላችሁ አትሰርዙም። ይቺ የመጨረሻዋ ከበድ ትላለች፣ ግን ቃል ቃል ነው፣ ለዛ ነው ከመጀመሪያው በዓል ሰሞን ቅዳሜን አትስጡ ያልኩት።

7. እንቢ ስትሉ

ሲጠሩት አቤት ሲልኩት ወዴት ማለት ጥሩ ጠባይ ተደርጎ ስላደግንበት እንቢ ማለት ይከብደናል፣ ስለዚ ፅሁፉን ቀድማችሁ አዘጋጁትና ስትጠየቁ ኮፒ አድርጋችሁ ላኩት። የኔ እንደዚ አይነት ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ። ስላሰባችሁን ከልብ እናመሰግናለን፣ የምትሰሩት ስራ ደስ ይላል። በየአመቱ የተወሰኑ ትርኢቶችን ለበጎ አድራጎት እንሰጣለን፣ የዘንድሮው ሞልቷል። የሚቀጥለው አመት ጥያቄዎችን አመቱ ሊጀምር ሁለት ወር ሲቀረው መቀበል እንጀምራለን፣ ያኔ ፃፉልን። እስከዛ ስፖንሰር መጠየቅ ከፈለጋችሁ የምትጠቀሙበት አንድ ገፅ እናዘጋጅላችኋለን። ስራችሁ ይቃናላችሁ።"

ረጅም ምክንያት አትደርድሩ፣ ስለ ቤት ኪራያችሁ አታውሩ፣ ጥፋተኛ አይደላችሁም። ሶስተኛው አይነት ጥያቄ ከሆነ ደግሞ "ሞልቷል" ሳይሆን "ዋጋችን ይሄ ነው" በሉ፣ እውነቱ እሱ ስለሆነ። "በነፃ የሚሰራ ሌላ ሰው ጠቁሙን" ሲሉ ደግሞ የባልደረባችሁን ስልክ ዝም ብላችሁ አትስጡ፣ መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት።

8. እሺ ካላችሁ ሙሉውን ስጡ

ለተከፈለበት የምታወጡትን አሻንጉሊት አውጡ፣ ያንኑ መብራት፣ ያንኑ ሰዓት አክባሪነት። ነፃ ስለሆነ ተብሎ የተቀነሰ ትርኢት ያዩ ልጆች ምናልባት በህይወታቸው ያዩት ብቸኛ የአሻንጉሊት ትርኢት እሱ ይሆናል፣ እሱን ነው አሻንጉሊት ማለት ብለው የሚይዙት። ማጠር ካለበት ስምምነቱ ላይ ቀድሞ ይፃፍ እንጂ ቀኑ ላይ አይሸራረፍ።

ብቻችሁን የሚከብድ ከሆነ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ተሰብሰቡ። ማርች 21 የአለም የአሻንጉሊት ትርኢት ቀን ነው፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል፣ በ1929 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ የተመሰረተው አለም አቀፉ የአሻንጉሊት ትርኢት ማህበር ኡኒማ በብዙ አገር አባላት አሉት። የአካባቢው ባለሙያዎች ሁሉ ነፃ ትርኢታቸውን በዛ ቀን ዙሪያ ቢያደርጉት ማንም የማንንም ዋጋ አያበላሽም፣ በቀሪው አመት የሚደውለውን ሰው "ማርች ላይ ነው የምንሰጠው" ማለት ይቻላል፣ ህዝቡም የሙያው ቀን መሆኑን ያውቃል።

9. ከትርኢቱ በኋላ

በዛው ሳምንት ሶስት ነገር መዝግቡ፦ በትክክል ስንት ሰዓትና ስንት ወጪ እንደሄደ (በ2ኛው ላይ ካሰላችሁት ጋር አስተያዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል)፣ ድርጅቱ በወረቀቱ ላይ የፈረመውን አድርጓል ወይ፣ ልጆቹ እንዴት ነበሩ። የምስጋና ደብዳቤ በድርጅቱ ማህተም ጠይቁ፣ ስትጠይቁ አትፈሩ፣ ለሚቀጥለው ስፖንሰር የምታሳዩት እሱን ነው። ረዳቶቻችሁንም ጠይቋቸው፣ ድጋሚ እንሂድ ወይ በሏቸው፣ ብዙ ጊዜ እናንተ ከመጋረጃው ጀርባ ያላያችሁትን እነሱ ከጎን ሆነው አይተውታል። መልሳቸው አዎ ከሆነ ድርጅቱን በሚቀጥለው አመት ዝርዝር ላይ ከሁሉ በፊት ፃፉትና እነሱ ሳይደውሉ እናንተ ደውሉላቸው።